የአባቴ ሰባተኛ ቅጠል

እኔ በተፈጥሮዬ ቁጡ ሰው አይደለሁም። በሬ ጠምጄ ሳርስ እንኳ ጅራፌን የማጮኸው በአየር ላይ ነው፤ ከበሬው ጀርባ አይወርድም። ጎረቤቶቼ "ይሁኔ እግሩን ቢረግጡት እሱው ይቅርታ ይጠይቃል" እያሉ ይቀልዱብኛል። ይህን አስቀድሜ የተናገርሁት፣ የምጽፈውን ስታነቡ "ዕድሜ ልኩን ሲነጫነጭ የኖረ ሽማግሌ ነው" እንዳትሉኝ ነው። ቁጣን የተዋወቅሁት ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ትምህርቴ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠርሁ፣ ከዚያ የጎረቤቴን የቄሱን ዳዊት እየተዋስሁ ማንበብ ለመድሁ። ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርሁት አይሆንልኝምና ታገሡኝ።

መንደራችን ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። ገብስና ድንች እናመርታለን። ወደ ሮብ ገበያና ወደ ማርቆስ የሚወስደው የመኪና መንገድ ከእኛ ማዶ ነው፤ በመካከሉ ቆቅ ውኃ የምንላት ትንሽ ወንዝ አለች። ክረምት ካልሆነ ከጉልበት አታልፍም። ይህችን ወንዝ ልብ በሉልኝ።

የአባቴ ቤት የመድኃኒት ቤት ነበር። አባቴ የእብድ ውሻ መድኃኒት ያውቃል ይባላል። ከደምበጫ፣ ከአማኑኤል ሳይቀር የተነከሰ ሰው በቃሬዛ ይመጣለት ነበር። መድኃኒቱ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ግን እንደ ሌላው ቅጠል አይደለም እየተባልን አደግን። ስሙን ሲጠሩት ይሸሻል። የሰው ጥላ ካረፈበት ኃይሉ ይጠፋል። የሚቆረጠው ፀሐይ ሳትወጣ፣ በግራ እጅ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ነው። ልጆች ሳለን ከላይኛው መስክ ስንደርስ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር፤ ዕፁ ሰምቶን ወደ ሌላ አገር እንዳይሄድብን።

ሌላም ምስጢር ነበረው። አባቴ የሚቆርጠው ሰባት ዓይነት ቅጠል ነው። ከሰባቱ ስድስቱ ሽፋን ይባላሉ፤ ተደብቆ የሚያይ ሰው ቢኖር ዋናውን እንዳይለይ የሚጨመሩ ናቸው። ዋናው አንዱ ብቻ ነው። ሰባቱ አብረው ይፈጩና የተነከሰው ሰው በባዶ ሆዱ በእርጎ ይጠጣል። ከተነከሰበት ቀን ጀምሮ ደግሞ፣ ወደ መድኃኒተኛው ለመምጣት ካልሆነ በቀር፣ አርባ ቀን ሙሉ ወራጅ ውኃ መሻገር ክልክል ነው። በድልድይም ቢሆን። ከተሻገረ ዕፁ ይሰበራል፤ ሰውየውም ይሞታል።

ይህ ዕውቀት የሚወርደው ለበኩር ወንድ ልጅ ነው፣ ያውም አባት ሊሞት ሲል። አባታችን ሲያጣጥር እኛን ሁላችንንም አስወጡን። ከውስጥ የቀረው ታላቅ ወንድሜ ልየው ብቻ ነበር። ደጁን ሞልተን ቆምን። ሲወጣ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር፤ ሐዘን ነው ብለን ተረዳንለት። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ የአያ ልየው ሆነ። እኔ አልቀናሁም። ከባድ ሸክም ነው ብዬ እንዲያውም አዘንሁለት።

አሁን የልጄን የሙሉቀንን ነገር ልንገራችሁና ልለፈው። ሙሉቀን የበኩር ልጃችን ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆነው ውሻ ነከሰው። አያ ልየው በማግሥቱ ንጋት ቆርጦ፣ ፈጭቶ አጠጣው። ቁስሉ ደረቀ። ሃያ ቀን እንዳለፈ ከወንዙ ማዶ የምትግጥ ላማችን ወለደች። ልጁ ጥጃዋን ካላየሁ ብሎ አለቀሰ። እኔ ደግሞ የልጅ ልቅሶ አልችልም። ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ ቆቅ ውኃን ተሻገርሁ። ውኃው እግሩን እንኳ አልነካውም። አሳይቼው ተመለስን። ከሳምንት በኋላ ውኃ ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ጀመር። የቀረውን አልጽፈውም።

አያ ልየው ያኔ ደጃፌ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ወንዝ ተሻግሯል?"

"ተሻግሯል" አልሁ።

"እንግዲያ ዕፁ ተሰብሯል። እኔ ምን ላድርግ?"

ሚስቴ አንጓች ከጓዳ ሆና ሰማች።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፏል። አንጓች ትታኝ አልሄደችም። አልሰደበችኝም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ወንዝ በደረስን ቁጥር እጇን ዘርግታ ልጅ ከእጄ ትቀበላለች። ሴት ልጃችንን የሺን አንድ ቀን እንኳ ተሸክሜ አላሻገርኋትም። አትናገርም፤ እጇን ብቻ ነው የምትዘረጋው። ያ የተዘረጋ እጅ ከስድብ ይብስ ነበር።

የሺ አድጋ፣ አግብታ፣ ባሕር ዳር ሥራ ስትይዝ ልጇን ስመኝን ለእኛ ተወችልን። ስሟን ያወጣላት አያ ልየው ነው። ይወዳታል። ስመኝ ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲደርስ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሮብ ገበያ ዐሥረኛ ክፍል ትማራለች። አፏ አያርፍም። የቤታችን ቅጠል ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ አእምሮዋን ይዞታል፤ ከደብተሯ ኋላ የሜዳውን ቅጠል ሁሉ ሥላለች።

"አባባ፣ ዕፁ ስሙን ሲጠሩት የሚሸሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ ስሙን ያወጣለት ሰው እንዴት ደረሰበት?" ትለኛለች።

አያ ልየውንም አትተወውም ነበር። "ትልቁ አባባ፣ ለእኔ ያውርሱኝ። እኔ እንደሆንሁ የሰው ነገር አላወጣም።"

"ለሴት አይወርድም፣ ልጄ።"

"ውሻውስ ሲነክስ ሴት ነሽ ብሎ ይተወኛል?"

እሱ ይስቅ ነበር። እኛም እንስቅ ነበር።

ወሩ ጥቅምት፣ ቀኑ ረቡዕ ነው። ስመኝ ከገበያ ስትመለስ ቆቅ ውኃን ተሻግራ፣ ከላይኛው መስክ ጥግ ደርሳለች። ውሻ መጣባት። አልጮኸም፣ አላስፈራራም፤ ዝም ብሎ መጥቶ ክንዷን ያዛት። እረኞች ደርሰው ገደሉት። ቤት የገባችው የግራ ክንዷን በነጠላዋ ጠቅልላ ነው። አላለቀሰችም። በቀጥታ ወደ ውኃው እንስራ ሄደችና ሳሙና አንሥታ ቁስሉን ታጥብ ጀመር።

አንጓች ሮጣ ሳሙናውን ነጠቀቻት። "ምን ሆነሻል? መድኃኒቱ ሳይነካሽ ውኃ?"

"እማማ፣ መምህራችን አስተምራናለች። ውሻ ሲነክስ በሳሙና ረጅም ጊዜ ማጠብ ነው። ከዚያ ማርቆስ ሄዶ መርፌ መወጋት።"

"ማርቆስ? ወንዝ ልትሻገሪ?" አንጓች ይህን ስትል ያየችው ስመኝን አይደለም። እኔን ነው።

እኔ ምን አልሁ? ምንም። ወደ አያ ልየው ላክሁ።

አያ ልየው ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። ክንዷን አየ። ሁለት ጥርስ ገብቷል። "ውሻው ምን ዓይነት ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"ቡላ ነው፣ ትልቁ አባባ። አንድ ጆሮው የተቆረጠ።"

እጇን ለቀቀ። ከመቀመጫው ሲነሣ ምርኩዙን ሳተው። "ነገ ንጋት ላይ እቆርጣለሁ" አለና ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ስመኝ በባዶ ሆዷ ጠበቀች። አያ ልየው ባዶ እጁን መጣ። "ጤዛ አልወረደም። ዕፁ አልታየኝም።"

ዐርብም መጣ፤ ባዶ እጁን። "የከብት ጥላ አርፎበታል።"

"በጨለማ የምን ጥላ ነው?" አለች ስመኝ።

"ዝም በይ አንቺ!" አለቻት አንጓች። ከዚያ ወደ አያ ልየው ዞራ ለመነችው። ከተጋባን ጀምሮ እንደ ወጉ አንቱ ነበር የምትለው። "እባክዎን አያ ልየው፣ የበደልንዎት ነገር ካለ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ልጅቷ ምን አደረገች?"

እሱ መሬት መሬት ያያል። "ካልመሰላችሁ ወደምትፈልጉበት ውሰዷት" አለ በቁጣ፣ እኛ ያስቀየምነው ይመስል። ወጥቶ ሄደ።

ያን ለት ስመኝ አጠገቤ ተቀመጠች። መቀለዱን ትታለች። "አባባ፣ ሁለት ቀን አለፈ። መምህራችን ቶሎ ካልሆነ አይሠራም ብላለች። ብቻዬን እንዳልሄድ እማማ ከደጅ ቆማለች። አንተ ብትወስደኝስ?"

አንጓች ከበሩ ሰማች። "ሬሳዬን ተራምዶ ነው የሚወስድሽ" አለች። "አንዱን አሻግሮ ቀብሮልኛል።"

በሠላሳ ዓመት ውስጥ በአፏ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም እንደገና ዝም አልሁ። ልጅቷ እውነቱን በእጄ ላይ አስቀምጣልኝ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ቅጠል እጠብቃለሁ። በአያ ልየው ብቻ አይደለም የምናደደው።

ተኝቼ ሳሰላስል ግን ሌላ ነገር ውስጤን ይበላኝ ጀመር። ባለፈው ክረምት ከአያ ልየው ጋር በድንበር ላይ ባለች ባሕር ዛፍ ተቃቅረን ነበር። ለአንዲት ባሕር ዛፍ ብሎ ልጅ ይከለክለኛል? የደምበጫን ሰው ሁሉ ያጠጣ፣ ስሟን ላወጣላት ልጅ ይጨክናል? ጠዋት ተከትዬው እሄዳለሁ፣ ዕፁን ራሴ አየዋለሁ፣ እምቢ ካለ እኔው እቆርጠዋለሁ ብዬ ወሰንሁ። መድኃኒተኛን መከተል በእኛ ዘንድ እንደ መርገም ነው። አባቴ "የሚከተል ዓይኑ ይፈሳል" ይል ነበር። ይፍሰስ አልሁ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ውርጭ መሬቱን ሸፍኖታል። አያ ልየው ከፊቴ ይሄዳል፤ እኔ በቁጥቋጦው ሥር። ከላይኛው መስክ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አንድ ቅጠል ቆረጠ። አለፍ ብሎ ሌላ። እቆጥራለሁ። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስት። ከዚያ ቆመ። ሰባተኛውን እጠብቃለሁ፣ በሰባ ዓመቴ እንደ ሕፃን ጓጉቼ። ዕፁን ላየው ነው። አያ ልየው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ያሉትን ስድስት ቅጠሎች አንድ በአንድ አያቸውና ወደ ገደሉ በተናቸው።

ከቁጥቋጦው ወጣሁ። "አያ ልየው! ምን አድርገንህ ነው?"

ደነገጠ። ከልማዱ የተነሣ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። "ዝም በል! ይሸ..."

"ይሽሽ!" አልሁት። ድምፄ ከገደሉ ማዶ ተመልሶ መጣ። "ይሽሽና እናየዋለን!"

ጣቱን ከአፉ አወረደ። "የሚሸሽ ነገር የለም፣ ይሁኔ" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"አባታችን የነገረኝ ስድስቱን ነው። አስቀድሞ ሽፋኖቹን አስቆጠረኝ፤ ዋናውን መጨረሻ እነግርሃለሁ አለ። ስድስተኛው ላይ ምላሱ ተሳሰረ። እጄን ይዞ አፉን ያንቀሳቅሳል። ድምፅ የለውም።"

አልገባኝም ነበር። እውነቴን ነው፣ ቆሜ አየዋለሁ፣ አልገባኝም።

"ታዲያ ምን ነበር ስታጠጣ የኖርኸው?"

"ሽፋኑን።"

"ለሁሉም?"

"ለሁሉም። ስወጣ ደጁ ሰው ሞልቶታል። 'ተቀበልህ?' አሉኝ። 'ተቀበልሁ' አልሁ። ከአፌ ወጣ፣ ይሁኔ። ከወጣ በኋላ አልመለስ አለኝ። በሳምንቱ አንድ የተነከሰ መጣ። ስድስቱን ፈጭቼ ሰጠሁት፤ ዳነ። ሌላ መጣ፤ ዳነ። ምናልባት ሽፋኑም ይሠራ ይሆናል አልሁ። የነከሳቸው ውሻ ሁሉ እብድ አልነበረም፤ ያ የገባኝ ቆይቶ ነው።"

"የሞቱትስ?"

"ወንዝ ተሻግረው ነበር" አለና አቀረቀረ። "በእኛ አገር አርባ ቀን ሙሉ አንድ ወንዝ ሳይሻገር የሚውል ማን አለ? ጠይቄ ያጣሁበት ጊዜ የለም።"

ውርጩ ከእግሬ ሥር ሲሰበር ይሰማኛል። ስለ ስመኝ ጠየቅሁት። ለሌላው ሁሉ የሰጠኸውን ለሷ ለምን ከለከልህ አልሁት።

"ውሻውን ስላየሁት ነው። ረቡዕ ጠዋት በደጄ አለፈ። ምራቁ ይዝረከረካል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ገደል ገደሉን ይሄዳል። የሌሎቹን ውሻ አይቼ አላውቅም፤ እድናለሁ ብለው ይመጣሉ፣ ይድናሉ እላለሁ። ይኼንን አየሁት። ቅጠሉን ብሰጣት ቁጭ ብላችሁ አርባ ቀን ትቆጥራላችሁ። ብከለክላት ተናዳችሁ ወደ ማርቆስ ትወስዷታላችሁ ብዬ ነው።"

"ሦስት ቀን! አፍ የለህም? 'መድኃኒቱን አላውቅም፣ ማርቆስ ውሰዷት' ማለት አቃተህ?"

"አቃተኝ።"

ከዚያ የምፈራውን ጥያቄ ጠየቅሁ። "ሙሉቀንን ስታጠጣው ታውቅ ነበር?"

ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

"ልየው!" አልሁት። ያለ አያ ጠርቼው አላውቅም። "ደጄ ላይ ቆመህ 'ወንዝ ተሻግሯል?' ስትለኝ፣ ታውቅ ነበር?"

"ዐውቅ ነበር።"

ዱላዬ መቼ እንደ ተነሣ አላውቅም። አናቱ ላይ ደርሶ ሳየው እሱ አልተከላከለም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ልምታህና ተገላግለህ ትሄዳለህ? አልመታሁትም። ጋቢውን ከአንገቱ ላይ ያዝሁት፤ ታላቄ ነው፣ ከኔ ይገዝፋል፣ ግን እንደ በግ ተነሣልኝ።

"ተነሥ። ለአንጓች አንተው ትነግራታለህ።"

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። አንጓችና ስመኝ ደጃፍ ላይ ነበሩ። አንጓች ባዶ እጁን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

አያ ልየው ጉሮሮውን ጠረገ። ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? "ዕፁ በሕልሜ ታየኝ" አለ። "'ለዚህች ልጅ ክልከላው ተነሥቷል፣ ወንዙን ትሻገር' አለኝ።"

ያን ጊዜ ነው የጮህሁት። ዱላዬን በሙሉ ኃይሌ ከቤቱ ምሰሶ ላይ አሳረፍሁት፤ ለሁለት ተሰበረ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። "ከአሁን ወዲያ ሕልም የለም! እውነቱን ተናገር! ስድስቱን ንገራት!"

ተናገረ። ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ሁሉንም ተናገረ። አባታችን ሲሞት ከሆነው ጀምሮ እስከ ሙሉቀን። አንጓች አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ነጠላዋን አስተካከለች።

"አንተ ሰው" አለችው። አንቱ ቀረ። "ልጄን ውሻ ገደለብኝ። ባሌን ግን የገደልኸው አንተ ነህ። በእኔ እጅ።"

ወደ ጓዳ ገብታ ለመንገድ የሚሆን ቆሎ ቋጥራ ወጣች። "ምን ትጠብቃላችሁ?" አለችን። "ሦስት ቀን አልበቃችሁም?"

ቆቅ ውኃ ስንደርስ አንጓች ቀሚሷን ሰብስባ ቀድማ ገባች። ከመካከሉ ስትደርስ ዞረች። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ስመኝ ተዘረጋ። አየሁት። እሷም አየችው፤ የራሷን እጅ ቆማ ተመለከተችው። ከዚያ ሰበሰበችው።

"አንተ አሻግራት" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት።

"አባባ፣ እግር አለኝ እኮ" አለች ስመኝ። "የነከሰኝ ክንዴን ነው!"

"ዝም ብለሽ ውጪ።"

የዐሥራ ስድስት ዓመት ኮረዳ ተሸክሜ ወንዝ ገባሁ። ሁለቴ ተንገዳገድሁ። "ይኼ ሽማግሌ ከእብድ ውሻ ተርፌ ውኃ ሊያስበላኝ ነው" ትላለች ከጀርባዬ፤ አንገቴን ግን አጥብቃ ይዛለች። የጫንሁት ምን ያህል ክብደት እንደ ነበር አላውቅም። አልከበደኝም።

ማርቆስ ሐኪም ቤት አንድ ወጣት ነርስ ተቀበለን። ቁስሉን አየ፣ ቀኑን ጠየቀ፣ ቀና ብሎ አየኝ። "አባቴ፣ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ምን ስትጠብቁ ነበር?"

"ቅጠል" አልሁት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ብዙ ጊዜ ወስዶ አጠበው፤ ስመኝ አንጓችን በዓይኗ እየወጋች "ይኸው" ትላለች። ቁስሉ ዙሪያ ወጓት፣ ትከሻዋንም ወጓት፤ የምትመለስባቸውን ቀኖች በወረቀት ጻፉላት። ቀን ሳናሳልፍ ተመላለስን፤ በየጊዜው ወንዙን እየተሻገርን። አርባውን ቀን አንጓች በጣቷ፣ እኔ በሆዴ ቆጠርነው። አርባ አንደኛው ቀን ላይ ስመኝ ከቆቅ ውኃ ውኃ ቀድታ መጥታ ከፊታችን ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና "እንግዲህ ሳቁ" አለችን። አንጓች ነው ያለቀሰችው። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ልጅቷ አለች፤ አፏም እንዳለ ነው።

አሁን ቁጣዬ ለምን እንዳልበረደ ልንገራችሁ። አያ ልየው በዚያው ቅዳሜ ማግሥት፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እንዲናገር አስገደድሁት። ተናገረ። ሕዝቡ ምን አለ? "ይሁኔ ቀንቶ ነው ያስባለው" አለ። "መድኃኒተኛ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ የትሕትና ቃል ነው" ያለም አለ። አያ ልየው አንድ ወር ያህል በሩን ዘጋ። ከዚያ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ደጁ ላይ አነባች፤ ፈጭቶ ሰጣት። "ስትለምነኝ ምን ልበል?" አለኝ ሰው ልኮ። ምን ልበል! ይኸው ነው የቤታችን ምስጢር። ዕፅ አይደለም፤ እምቢ ለማለት የሚያንስ አፍ ነው።

አንዳንዴ ከዚያም አልፌ አስባለሁ። አባቴስ ሰባተኛውን ያውቀው ነበር? ወይስ የእሱም አባት ስድስተኛው ላይ ምላሱ ተሳስሮ ነበር? ከማን ጀምሮ ነው ዝም ያልነው? የትኛው አያቴ ነው በመጀመሪያ "ወንዝ ተሻግሮ ነው" ብሎ ድሃ አባት ላይ የልጁን ሬሳ የጫነው? በስንቱ ቤት ነው አንዲት እናት እጇን እየዘረጋች፣ አንድ አባት እያቀረቀረ የኖሩት? የንስሐ አባቴ ይቅር በለው ይሉኛል። አባ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ እኔ ገና ነኝ። ለልጄ ሞት ይቅር ልለው እችል ይሆናል። ደጁ ለመጣች እናት ሕፃን ዛሬም ስድስት ቅጠል ለሚፈጭ ሰው ግን ይቅርታ ብሰጥ፣ ይቅርታዬም ሽፋን ይሆናል።

ስለዚህ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቆቅ ውኃ መሻገሪያ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ከማዶ የተነከሰ ሰው ይዘው ወደ አያ ልየው የሚመጡ ይደርሳሉ። "ተመለሱ፣ ማርቆስ ሂዱ" እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል። አንዳንዱ "እብድ ሽማግሌ" ብሎኝ ያልፋል። ከወንዙ ወዲህ፣ ከእኛ በኩል ያለውንና መሻገር የሚፈራውን ግን በእጄ ይዤ አሻግረዋለሁ። እናንተም የምታነቡት፣ በአገራችሁ እንዲህ ያለ ቤት አይጠፋም። ውሻ የነከሰውን በሳሙና እጠቡት፣ ወንዝ ካለ አሻግሩት። ሌላ የማውቀው መድኃኒት የለኝም።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ልረሳው ነበር። ያን ቅዳሜ ከማርቆስ ስንመለስ ስመኝ ሮጣ ወንዙን ተሻገረችና ሄደች። እኔና አንጓች ከዳር ቀረን። አንጓች ውኃውን እያየች፣ ሠላሳ ዓመት ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ።

"ሙሉቀን ጥጃዋን ሲያይ ሳቀ?"

"ሳቀ" አልኋት። "አፍንጫውን ላሰችው። 'እንደገና' አለ።"

"እንደገና አለ?"

"ሦስት ጊዜ።"

ውኃው ውስጥ ገባች። ዞር ብላ እጇን ዘረጋች። ባዶ እጄን ነበርሁ፤ ከእኔ የምትቀበለው ልጅ አልነበረም። ይዛ ያሻገረችው እኔን ነው።